ኮርማዎቹን አትቀጥቅጡ ያልሽን ጊዜ

ውድ የእህቴ ልጅ፣

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስደውልልሽ ስልክሽ ይጠራል፣ አይነሳም። ደህና መሆንሽን ያወቅኩት በዚህ ነው። የታመመ ሰው ስልክ ያነሳል፣ ያዘነም ያነሳል፤ የማያነሳው አጎቱን የሚሸሽ ብቻ ነው። አልተቀየምኩሽም። እኔም አንቺን ብሆን የእኔን ስልክ አላነሳም ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ እንደ መሥሪያ ቤትሽ “ጉዳዩ” ብዬ መጀመር አልችልበትም። ነገሩ የኮርማ ነገር ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ አዲሱን የመንግሥት ሥራ ይዘሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ስትወጪ፣ ነጭ ጫማ አድርገሽ በረቱ መሃል ቆመሽ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብትይ ምን እንደሚጠብቅሽ እያየሁ ዝም አልኩ። ረገጥሽው።

“አጎቴ፣ አንተ መቼም አታድግም” አልሽኝ። ከዚያ ጫማሽን በገለባ እየጠረግሽ፣ “ወይፈኖቹን አትቀጥቅጡ” አልሽ። “የውጭ ገዢ የሚፈልገው ያልተኮላሸ ኮርማ ነው፤ ሥጋው ጮማ የለበትም። መንግሥትም ወደ ውጭ የሚሸጠውን ይደግፋል። መመሪያው የወጣው ከእኛ ቢሮ ነው።”

እኛ ከአባቶቻችን ጀምሮ ወይፈን ሁለት ዓመት ሲሞላው እንቀጠቅጣለን፣ እናደልባለን፣ ለልኳንዳ ቤት እንሸጣለን። ሌላ አናውቅም። ያን ሳምንት ግን አሥራ አንድ ቤት ዞሬ ምክርሽን አወራሁ። የመንደሩ ቀልደኛ ነኝና ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረኝም። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን፣ ከችኮላዋ የተነሳ እትዬ ጥድፊያ የምንላት፣ በሯ ላይ አቆመችኝ።

“ይሄ ያንተ ነገር ነው ወይስ የልጅቷ?”

“የልጅቷ ነው።”

“ማልልኝ።”

“እሷን ይንሳኝ” አልኳት። ያመኑኝ በአንቺ ስለማልኩ ነው።

ሁለት ዓመት ደስ አለን። ነጋዴው መኪናውን እየነዳ ደጃችን ድረስ መጣ። እትዬ ጥድፊያ የሚያፈሰውን ጣሪያዋን በቆርቆሮ ቀየረች፤ እኔም ጥርሴን አስተከልኩና ሳያስቀኝ መሳቅ ጀመርኩ። በሦስተኛው ዓመት ሬዲዮው ተናገረ። በቁም ያለ ከብት ወደ ውጭ መላክ እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ተከለከለ፤ ምክንያቱም ለአገር ውስጥ ሰው ሥጋ እንዲረክስ ነው።

እሺ፣ ይርከስ አልን። ባለልኳንዳውን ጠራሁት። ኮርማዬን ሁለቴ ዞረው፣ ሆዱን ትቶ ወደ ኋላ እግሩ ጎንበስ አለና ሳቀ።

“ይሄ እኮ ሙሉ ኮርማ ነው። ሥጋው ገመድ፣ ሽታው ሌላ። ደንበኛዬ ጥርሱ ቢነቀል የሚከሰው እኔን ነው። ሰንጋ ካለህ አምጣ።”

ሰንጋ ከየት ይምጣ? ሦስት ዓመት አንድም አልቀጠቀጥንም። ሥጋውም አልረከሰ፣ እኛም አልሸጥን። በዚያው ሰሞን ፋጉሎ ወደ ውጭ እንዲሸጥ ተፈቀደ፤ የዘይት መጭመቂያው ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን፣ ለከብቶቻችን መኖ ይሸጥልን የነበረውን ሁሉ በመኪና ጭኖ ይልከው ጀመር። በላተኛው እንዳይወጣ ተዘጋበት፣ ምግቡ እንዲወጣ ተከፈተለት። ይህን ያሰበ ሰው አንድ ቀን ከብት አብልቶ ያውቃል? የእንስሳት ሐኪሙም፣ “አሁን ቢኮላሹ አገግመው እስኪሰቡ ግማሽ ዓመት ይፈጃል። ምን አብልታችሁ?” አለን።

እስካሁን ያወራሁት የእናንተን ጥፋት ነው። አሁን የእኔን ስሚ።

ከአራት ወር በፊት ደላላ መጥቶ የእትዬ ጥድፊያን አራት ኮርማዎች በርካሽ ልውሰድ አላት። ልትስማማ ነበር። መጥታ ስታማክረኝ ፊቷ አሳዘነኝ። “የእህቴ ልጅ ደውላልኛለች” አልኳት። “የውጭ ገበያው በወር ውስጥ ይከፈታል ብላለች።” አልደወልሽም ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ደላላውን አባረረችው፤ በመንደሩም ሻጭ ሁሉ እሷን አይቶ እጁን ሰበሰበ።

ወሩ አለፈ፣ ሌላም ሦስት ወር አለፈ፤ እሷ ግን በቃልሽ አምና ጠበቀች። የተራቡት ኮርማዎች በረት ውስጥ ሲዋጉ አንዱ እግሩ ተሰበረ፤ ሌላው ወድቆ አልተነሳም። ባለፈው ሰኞ ቤቷ ብሄድ ፍራሿን በቢላ ቀድዳ፣ የምትተኛበትን ገለባ እያወጣች ለቀሩት ሁለቱ ታበላ ነበር። “ትንሽ ነው የቀረው፤ ልጅቷ ብላለች” አለችኝ።

መመሪያውን አንቺ እንዳልጻፍሽው አውቃለሁ። ምናልባት ማኅተሙን ያቀበልሽው ብቻ ይሆናል። ውለታ አልለምንሽም። ይከፈታል ወይስ አይከፈትም? አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ። አይከፈትም ካልሽ ለአሥራ አንዱም ቤት እኔው አነብላቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ እትዬ ጥድፊያ ገባች። ያ ደላላ ዛሬ ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ያገኘውን እየገዛ ነው፤ እሷ ግን ቃልሽን ይዛ አልሸጠችም።

“ለልጅቷ ነው የምትጽፈው?” አለችኝ። “እትዬ ጥድፊያ ታመሰግንሻለች በልልኝ።”

ብዕሩን አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። አልደወለችም፤ የፈጠርኩት እኔ ነኝ አልኳት።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየች። ማንበብ አትችልም።

“ምነው ያን ቀን እየሳቅክ በነገርከኝ” አለችኝ። “ብትስቅ ኖሮ አላምንህም ነበር።”

አሁን በመስኮት አያታለሁ፤ ሁለቱን ኮርማዎች ፈትታ ወደ መንገዱ እየጎተተቻቸው ነው። አንዱ ይከተላል፣ አንዱ እየጎሸመ ያስቸግራታል፤ ለሁለት ካልሆነ አይነዳም። እጄን ብትመታውም ገመዱን ልይዝላት እሄዳለሁ። ደብዳቤውን እዚያው ወደ ከተማ ለሚሄድ ሾፌር እሰጠዋለሁ።

ምስጋናዋን የጻፍኩልሽ አደራ ስላለችኝ ነው፤ ነገሩን ከመስማቷ በፊት ያለችው መሆኑን ግን እወቂው። ዳግመኛ በአንቺ አልምልም።

አጎትሽ