ውሃ ይዘው የቆሙት መምህር ወልደ ገብርኤል ረዳ

መምህር ወልደ ገብርኤል ረዳ ከአባታቸው ከአቶ ረዳ ካሕሳይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ስዩም በ1954 ዓ.ም. ዋጃ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከማይጨው ወርደው ዋጃ የከተሙ ነጋዴዎች ነበሩ። የተወለዱበትን ቀን እናታቸው ሲጠየቁ «ማሽላው ሲሸት ነው» ከማለት ሌላ አይናገሩም። ስለዚህ መምህር ልደታቸውን የሚያስቡት ማሽላው ባማረበት ዓመት ብቻ ነበር፤ በድርቅ ዓመት ዕድሜ አይቆጠርም ይሉ ነበር።

ለትምህርት ሲደርሱ አንደኛ ደረጃን በዋጃ፣ ሁለተኛ ደረጃን በቆቦ ተምረው ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም በሰርተፍኬት ተመረቁ። ኋላም በክረምት ትምህርት ዲፕሎማቸውን አገኙ። በ1974 ዓ.ም. ቆቦ ተቀጥረው በ2014 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ አስተማሩ። ሌላው መምህር ክፍል ሲደርሰው ለእሳቸው ፀሐይ ደረሳቸው። ኳስ ሲጠፋ ከጨርቅ ያሰፉ ነበር፤ ለዝላይ የሚሆን አሸዋ ከወንዝ በአህያ ያስመጡ ነበር። ሴቶቹ «በቀሚስ እንዴት እንሮጣለን?» ሲሏቸው «ሱሪውን ከሥር ልበሱ፣ የሚሮጠው እግር ነው» ይሉ ነበር። ጥፍሩ ያደገ ልጅ ከሰልፋቸው አያልፍም። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት መካከል በእሳቸው ትእዛዝ ጥፍሩን ያልቆረጠ ካለ ያ ሰው ከሌላ አገር የመጣ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሸዋዬ አስፋው ጋር ተጋብተው ሰናይንና ብሩክታዊትን ወለዱ። ወይዘሮ ሸዋዬ «ይኸ ሰውዬ ቤትም ፊሽካ ይነፋል» እያሉ ያማርሩ ነበር፤ ፊሽካውን ሰምተው ከመቀመጫቸው የተነሡበት ቀን ግን የለም።

እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ የመምህርን ሕይወት እንዲህ እየሣቁ መናገር ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉም በየፊናው አውርቶታል። ሰናይ «ሬሳ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነበብም፣ ይለፍ» ብሎ ነበር። መምህር ግን ራሳቸው «ይነበብ» ብለው ሄደዋልና ይነበባል።

ጊዜው ግንቦት ነው፤ ረመዳን ገብቷል። የቆቦን የግንቦት ፀሐይ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የስምንተኛ ክፍል የሩጫ ፈተና ነበር። መምህር እንደ ልማዳቸው «የጾማችሁ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ከኢድ በኋላ ትሮጣላችሁ» አሉ። ጾመኛው ሁሉ ሲቀመጥ ራዊያ ከማሉዲን የምትባል ልጅ ብቻ እንደ ቆመች ቀረች። ለዞን ውድድር የሚመረጠው በዚያ ቀን ነበርና።

«ቲቸር፣ ከኢድ በኋላማ ዞኑ አለቀ።»

«ፀሐዩን አታይም እንዴ?»

«ለእኔ ብቻ ነው የወጣው?» አለች።

ልጆቹ ሣቁ። መምህርም ሣቁና ፊሽካውን ነፉ።

ራዊያ ሦስተኛው ዙር ላይ ወደቀች። ተሸክመው ከኒሙ ዛፍ ሥር አስተኟት፤ ልብሷን አላሉላት፣ ራሷንና እግሯን አረጠቡ። ይህን ለልጆች ሁሉ ሲያስተምሩ የኖሩት ራሳቸው ናቸው። ልጅቷ ዐይኗን ስትገልጥ ኩባያ ውሃ ሞልተው ወደ ከንፈሯ አቀረቡ። እዚያ ላይ እጃቸው ቆመ።

መምህር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ ከሚኖርበት አገር የበቀሉ ሰው ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያስተምሩ በረመዳን በጾመኛ ልጅ ፊት አንድ ጉንጭ ውሃ ጠጥተው አያውቁም። የሰው ጾም በእኔ እጅ አይፈርስም ብለው አባቷን እንዲጠይቅ አንድ ተማሪ በባጃጅ ወደ ገበያ ላኩ። እሳቸውም ውሃውን ይዘው ቆሙ።

አባቷ አቶ ከማሉዲን የሚስማርና የቆርቆሮ ነጋዴ ናቸው። በዚያው ባጃጅ ከነፉና ኩባያውን ከመምህር እጅ ነጥቀው ልጃቸውን አጠጡ። ከዚያ ቀና ብለው «ለታመመ አላህ ያቀለለውን እርስዎ አከበዱት?» አሉ። 

ራዊያ ሆስፒታል ተኝታ ተነሣች፤ ኩላሊቷ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ትምህርት ቤትም አልተመለሰች። መምህር ሽማግሌ ላኩ። አቶ ከማሉዲን «ወላሂ ይቅር ብያለሁ። ልጄን ግን ለሜዳ አልሰጥም» ብለው መለሱ። መምህር የፈለጉት ልጅቷ ክፍል እንድትገባ ነበርና ይቅርታው አላሳረፋቸውም። መስከረም በመጣ ቁጥር በምዝገባ ሰሞን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው መንገዱን ያዩ ነበር። በአቶ ከማሉዲን ሱቅ ፊት ማለፍም አቃታቸው። ሱቁ ከቤታቸው ማዶ ሆኖ ሳለ ሚስማር ለመግዛት በሚኒባስ ሮቢት ይሄዱ ነበር። ወይዘሮ ሸዋዬ «ለአንድ ኪሎ ሚስማር መኪና የሚሳፈር አንተን አየሁ» ይሏቸው ነበር።

ጦርነቱ መጥቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ልጆችም በየቤቱ ሲቀሩ፣ ሰው ሁሉ ስለ ንብረቱ ያወራ ነበር። መምህር ደጃፍ ላይ ተቀምጠው «ይኸው፣ ሁሉም እንደ ራዊያ ሆኑ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ፊሽካውን የነፋ ሰው በቤታቸው የለም። ራዊያም ዋጃ ተዳረች።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ መምህር በጨጓራ ሕመም እየደከሙ ሄዱ፤ እህል አልወርድ አላቸው። ሐኪሙ ወተት አዘዘ። ሁዳዴ ሲገባ ግን አሻፈረኝ አሉ። የንስሐ አባታቸው መጥተው «ለታመመ ተፈቅዷል» ቢሏቸው፣ ሰናይ ቢቆጣ፣ ብሩክታዊት ብታለቅስ ጥርሳቸውን ገጠሙ። እናንተ የምታውቁት ግትርነት ነው።

በመጋቢት መጀመሪያ ራዊያ ከአባቷ ጋር ከዋጃ መጣች። እሷም ረመዳንን እየጾመች ነበር። የወተቱን ኩባያ ከወይዘሮ ሸዋዬ እጅ ተቀብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ እኔ አባቴ እስኪመጣ ጠበቅሁ። እርስዎ ማን እስኪመጣ ነው የሚጠብቁት?»

አቶ ከማሉዲን ከበሩ ሆነው «እኔ እንደሁ መጥቻለሁ» አሉ።

መምህር ጠጡ። ሁሉንም አይደለም፣ ግማሹን። አፋቸውን ጠርገው «ትምህርቱስ?» አሏት። ራዊያ ኩባያውን አጥባ አስቀመጠችና ወጣች። ጥያቄው እንደ ተጠየቀ አለ።

መምህር ወልደ ገብርኤል በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን፣ በየሰፈሩም ሲያሯሯጧቸው የኖሩትን ሁሉ ትተው ሄደዋል።

ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር አዘዋል። «የምቀበር ቀን ፀሐዩ ይበረታል። ግማሹ ሰው ረመዳን ላይ፣ ግማሹ ሁዳዴ ላይ ነው። ሰው ይወድቃል» ብለው ነበር። እንዳዘዙትም እዚያ ከምታዩት ዛፍ ሥር በጄሪካን ውሃ ተቀምጧል። የወደቀ ካያችሁ ጥላ ውሰዱት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ነፍሱን ሲያውቅ አጠጡት። ማንንም አትጠይቁ፣ ማንንም አትላኩ።

እግዚአብሔር የመምህራችንን ነፍስ ጥላና ውሃ ካለበት ያሳርፍልን፤ እሳቸውንም በር ላይ አያቁምብን። አሜን።