በተሳሳተ በር የገቡ ሽማግሌዎች

ቀን፦ ማክሰኞ 10/3/2017

ለአካባቢ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቅያሳችን እስከ ቅዳሜ የቤት ቁጥር እንዲሰጠውና በአድራሻ ስህተት ለሌላ ቤት የደረሰ የጋብቻ ጥያቄ በደብዳቤ እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቅያስ ከእናቴ ጋር የምኖር መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬ አርባ አንድ ነው። ይህን የምጽፈው በደስታ ነው፤ ደስታዬ ግን አደጋ ላይ ስለወደቀ ክቡርነትዎ ዘንድ ቀርቤያለሁ።

1. በቅያሳችን ቁጥር ያለው አንድም ቤት የለም። በስልክ ዕቃ ስናዝ መተግበሪያው የቤት ቁጥር ይጠይቃል፤ ባዶ ከተውነው ወደ ፊት አያሳልፍም። መጀመሪያ የተሳካላት የመንታዎቹ እናት ናት። በቁጥሩ ቦታ «አረንጓዴ በር» ብላ ብትጽፍ ጫማዎቹ በሦስተኛው ቀን ከች አሉላት። ሁላችንም እንደ እሷው ጻፍን፤ ውሸታም እንዳንባል ደግሞ በሮቻችንን አረንጓዴ ቀባን። ዛሬ አሥራ አንድ አረንጓዴ በር አለን።

2. ከዚያ ወዲያ የመጣውን ጣጣ ክቡርነትዎ ይገምቱታል። የእኔ ክር ለጡረተኛው አስተማሪ፣ የእሳቸው መነጽር ለእኔ ደረሰ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ማቀዝቀዣ አዝዘው የሕፃን ጋሪ ተረከቡ፤ ልመልስ ቢሉ ሻጩ «ተፈርሞ የተወሰደ ዕቃ አይመለስም» አላቸው። ጋሪው አሁን የደንበኞች ፎጣ ይጫንበታል፤ ማቀዝቀዣውን ግን ዛሬም ይጠብቃሉ።

3. ዕቃ የሚያደርሰው ሞተረኛ በጠፋ ቁጥር የሚያንኳኳው የእኔን በር ነበር። መጀመሪያ ውሃ ሰጠሁት፤ ቀጥሎ ወንበር። እያደር ሆን ብሎ እንደሚጠፋ ገባኝ፤ እኔም እንዳልገባኝ ሆንኩ። ይህ አቤቱታ ላይ የሚጻፍ እንዳልሆነ አላጣሁትም፤ ለጉዳዩ ግን አስፈላጊ ነው። መጋረጃ ሰፊ ሆኜ የሸሚዝ ቁልፍ አራት ጊዜ አዝዣለሁ።

4. ባለፈው እሑድ ሞተረኛው እኔን ለማግባት ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። «ሦስተኛው አረንጓዴ በር» ብሎ ነግሯቸው ነበር፤ እውነቱን ነው፣ እስከ ሐሙስ ሦስተኛ ነበርን። ዓርብ ዕለት ቅያሱ መግቢያ ጥግ ላይ ያለው መካኒክ በሩን ቀባና አራተኛ ሆንን። ሽማግሌዎቹም ከእኛ ቀድሞ ያለውን የፀጉር አስተካካዩን ቤት አንኳኩ። እሳቸው ማቀዝቀዣው የመጣ መስሏቸው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። እንግዶቹ፣ ልጃችን ዕቃ ሲያመጣ ያያትን ልጅዎን ለትዳር ይስጡን አሏቸው። ለእሳቸው ልጅም ዕቃ የሚያመጣው ይኸው ሞተረኛ ነውና ማንም አልጠረጠረም። አባትየው ሳይውሉ ሳያድሩ እሺ አሉ። እኔና እናቴ ለብሰን፣ ወንበር ደርድረን ስንጠብቅ ከግድግዳው ማዶ እልልታ ሰማን። ጎረቤት ናቸውና እንኳን ደስ ያላችሁ ልል ሄድኩ። ሙሽራው ማን እንደሆነ የሰማሁት እዚያ ነው።

5. ልጅቷ ሞተረኛውን አትፈልገውም፤ ነገሩን ስትሰማ በሳቅ ፍርስ ብላለች። አባቷን ብለምን ግን «ልጄ፣ የእኔን ጋሪ ማን ተቀበለኝ? እኔም የተረከብኩትን አልመልስም» አሉኝ። ኩርፊያቸው ከሻጩ ጋር ነው፤ ዕዳው እኔ ላይ ወደቀ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ካመጣሁ ግን በደስታ እንደሚለቁልኝ ቃል ገብተዋል።

ስለዚህ እስከ ቅዳሜ በየቤቱ ቁጥር እንዲለጠፍልን፣ እንዲሁም የእሑዶቹ ሽማግሌዎች የተላኩት ወደ እኔ ቤት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሞተረኛው ስህተቱን ሰምቶ እንደገና ስለላካቸው፣ የፊታችን እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሰው ይመጣሉ።

ሥራ በዝቶብዎት ባይደርስልኝም አልቀየምም። እኔው ራሴ ቅያሱ መግቢያ ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። እናቴ፣ ሴት ልጅ የራሷን ሽማግሌ መንገድ ወጥታ አትቀበልም፣ አንገቴን ታስደፊኛለሽ ብላኛለች። እኔ ግን አርባ አንድ ዓመት ቤቴ ቁጭ ብዬ ጠብቄያለሁ፤ የቀረችውን አምሳ ሜትር እኔ ብሄድላቸው ምን ይለኛል?

ከአክብሮትና ከቸኮለ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፦ መጋረጃ ሰፊዋ