«ወ» ማለት «ወር» ነው ስለተባለበት የሞተር ዘይት

ታኅሣሥ 9 ቀን 1979 ዓ.ም.
ጌጃ ሰፈር፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ

ለጓድ ሸዋዓለም
የታክሲ ማኅበራችን የነዳጅና የዘይት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

እጅግ የማከብርዎ ጓድ ሸዋዓለም፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም በስብሰባ ብዛት የደከመው ጉሮሮዎ እንዴት ሆነልዎ? እኛ፣ በስብሰባ ላይ ስሙ የማይነሣው ጌታ ይመስገንና፣ ከመኪናችን በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። እንዳለች ዱጉማ እባላለሁ፤ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ኃይለሚካኤል የማኅበርዎ አባልና የአንዲት ላዳ ታክሲ ሹፌር ነው። እርስዎ ላያስታውሱት ይችላሉ፤ ምክንያቱም በስብሰባ ላይ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጥ፣ እጁንም የሚያነሣው ለማጨብጨብ ብቻ የሆነ ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ እሱ ቢጽፈው ኖሮ ከሰላምታው ቀጥሎ «በርቱልን» ብሎ ይዘጋው ስለነበር እኔ ጻፍኩት። በማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአደባባይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ባለፈው ወር «ሂስ የማይቀበል ሰብሳቢ ሰብሳቢ አይደለም» ብለው ሲናገሩ አዳራሹ በሙሉ አጨብጭቦልዎ ነበርና፣ ጭብጨባው በከንቱ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ። ይህ ቅሬታ አይደለም፣ ምስጋና ነው ልበለው። ኮሚቴዎ ባወጣው ማስታወቂያ፣ በዘይቱ ቆርቆሮ ላይ 20W50 ተብሎ የተጻፈው ዘይቱ የሚያገለግልበት ዘመን መሆኑን፣ መካከል ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደል በአማርኛ «ወ»፣ ትርጉሙም «ወር» መሆኑ በጥልቅ ጥናት መረጋገጡን፣ ስለዚህም ማንኛውም አባል ሃያ ወር ሳይሞላው የዘይት ኩፖን መጠየቅ እንደማይችል፣ ጠንቃቃ የሆነ ሹፌር ግን ያንኑ ዘይት እስከ ሃምሳ ወር ሊያደርሰው እንደሚችል አንብቤ አፌን ይዤ ቀረሁ። ይኸው ስንት ዓመቴ «ወ» ሳስቆጥር! «ወ» ለወንበር፣ «ወ» ለወተት፣ «ወ» ለወፍ እያልኩ ጠመኔ ስጨርስ ኖሬ፣ ይህች ፊደል ቆርቆሮ ላይ ወጥታ የሞተር ዕድሜ ትወስናለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። እንዲህ ያለ ምርምር በሰፈራችን በመደረጉ ኮርቻለሁ።

ይሁንና ከላዳዋ ጋር አብሮ የመጣ አንድ መጽሐፍ አለ፤ ከፊት ወንበር መሳቢያ ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። እሱ እንደሚለው፣ ደብልዩዋ የብርድ ምልክት ናት። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ማለዳ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ደግሞ ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ሳይቀጥን እንደሚቆይ ይናገራል እንጂ ስለ ወር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የዘይት መቀየሪያው ጊዜ በኪሎ ሜትር ነው የሚቆጠረው፤ መጽሐፉ ዐሥር ሺህ ብሎ፣ አቧራ ባለበትና መኪናዋ ቆም ሄድ በምትልበት ከተማ ከዚያም ቶሎ ቀይሩ ይላል። ከሰንጋ ተራ ልደታ ስትመላለስ የምትውል፣ በየደጃፉ አንዱን አውርዳ ሌላውን የምትጭን ታክሲ ይህን ሁሉ ሦስት ወር ሳይሞላት ትጨርሰዋለች። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ግን የኮሚቴዎን ጥናት የማየት ዕድል ስላላገኙ ይቅር ሊባሉ ይገባል።

የሚያናድደኝ ደግሞ ባለቤቴ ማመኑ ነው። ሃምሳ ወር ላደረሰ ሹፌር የምስጋና ወረቀት ይሰጣል ተብሎ የለ? እሱም ሳሎን ግድግዳ ላይ ሚስማር መትቶ ወረቀቱን እየጠበቀ ነው። ሚስማሩ ላይ ለጊዜው ካፖርቱን ይሰቅልበታል።

ሁለተኛ፣ ስለ ውፍረቱ። በመስከረም ዘይታችን ጎድሎ ኃይለሚካኤል መጨመሪያ ቢለምን፣ ከመጋዘንዎ የተሰጠው ለከባድ የጭነት መኪና የሚሆን ወፍራም ዘይት ነበር። እሱ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ መቼ ጠይቆ ያውቃል! እርስዎ ግን በደግነትዎ ሳይጠየቁ አስረድተውታል፦ ቀጭን ዘይት የድሎት ልማድ ነው፣ ለጭነት መኪና የበቃ ለታክሲም ይበቃል፣ በዘይትና በዘይት መካከል መደብ መፍጠር አይገባም ብለውታል። እሱም ቃል በቃል ሸምድዶ ነገረኝ። ላዳዋ ግን፣ ንቃቷ ዝቅተኛ ሆኖ ነው መሰለኝ፣ ነገሩ አልገባትም። ማር በብርድ ጠዋት ከማሰሮ አልወርድ እንደሚለው ሁሉ ይህም ዘይት ከሞተሩ ሥር ይረጋና ወደ ላይ አልወጣ ይላል፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ አንዴ «እህ» ይልና ጸጥ።

ከዚያ መግፋት ነው። ከአጥራችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው ሕዝብ በየማለዳው ይገፋል። ከጎረቤታችን ከወይዘሮ ሀሚዳ ሱቅ ዳቦ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ዳቦውን በብብቱ ሸጉጦ ይገፋል። አንድ ቀን ወይዘሮ ሀሚዳ ራሳቸው ሱቃቸውን ትተው ወጥተው ከገፉ በኋላ፣ እያለከለኩ፣ «ኧረ ለመሆኑ እንዳለች፣ ይሄ መኪና ነው ወይስ የሰፈር ዕድር?» ብለውኛል። እርስዎን ደስ የሚያሰኝዎ ግን የኅብረት ሥራ መንፈስ በጌጃ ሰፈር እንደዚህ ዓመት አብቦ አለማወቁ ነው። ደግሞስ የብርድን ነገር ከእርስዎ በላይ ማን ይረዳልናል? በዚህ በታኅሣሥ ውርጭ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ቢሮዎ ውስጥ እንደማይገኙ ባለጉዳዮች ሁሉ ይመሰክራሉ። ይህን ያነሣሁት ለወቀሳ አይደለም፤ እርስዎም እንደ ዘይቱ መሞቂያ ጊዜ እንደሚያስፈልግዎ ስለምረዳ ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። የኮሚቴው ላንድሮቨር በየወሩ ዘይቱም የዘይት ማጣሪያው ፊልትሮም እንደሚቀየርለት ጋራዥ የዋለ ሁሉ ያየዋል። ይህንንም ያዩ አንዳንድ ክፉ ምላሶች «ወ» ለእኛ ሲሆን «ወር»፣ ለላንድሮቨሩ ሲሆን ግን «ወዲያው» ነው እያሉ ያወራሉ። እኔ አላልኩም! እኔን የሚቸግረኝ አንድ ፊደል እንዲህ ሁለት ዓይነት ሲነበብ ለተማሪዎቼ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ ብቻ ነው።

አራተኛም ነበረኝ፤ ኃይለሚካኤል እግሬ ላይ ወድቆ ስለለመነኝ ሰርዤዋለሁ።

አሁን፣ ጓድ ሸዋዓለም፣ ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልንገርዎ። ባለፈው እሑድ ኃይለሚካኤል ቅዳሴ አስቀድሰው የወጡ እናቶች ጭኖ ከልደታ ማርያም ደጃፍ ሲነሣ ቀይዋ የዘይት መብራት በራች፤ ሞተሩም ድንጋይ እንደሚፈጭ ወፍጮ ይንኳኳ ጀመር። እናቶቹን አውርዶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ መኪናዋን ቀስ እያደረገ ወደ መካኒካችን ወደ ኩማ ወሰዳት። ኩማ ቀደም ሲል ወፍራሙን ዘይት «ጨምሩበት፣ ድምፁን ይውጠዋል» ብሎ የመከረን ሰው ነው። ዘይት መለኪያውን መዝዞ ቢያይ ሬንጅ የመሰለ ነገር ተጣብቆበት ወጣ። በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገውና፣ ይሄ ተደፍቶ ንጹሕ ዘይት ካልገባ ገናን የምትደርስ አይመስለኝም አለ። ሞተሩ ነክሶ ከቆመ ሌላ ሞተር ከየት ይመጣል? ከሱቅ አይገዛ፣ በኩፖን አይሰጥ፣ ተራ ቢጠበቅ ተራው የልጅ ልጅ ዘመን ነው። ይህች ላዳ ስትቆም የእኛም ቤት አብሮ ይቆማል። ኃይለሚካኤል ከመሪ በቀር ሌላ ሙያ የለውም፤ መኪናዋ ከተሰጠችው ጊዜ አንሥቶ እንደ ሰው የሚያናግራት ናት። ሰሞኑን ቁልፉን የሚያዞረው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። እኔ በመስኮት አየዋለሁ። ፈርቷል። እኔም ብሆን፣ ምላሴ ይህን ያህል ቢረዝምም፣ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ነው፦ ላዳዋን ለሚስማማ ዘይትና ለአንድ ፊልትሮ የሚሆን ኩፖን፣ ከገና በፊት። ሌላ አልጠይቅም። የምስጋና ወረቀቱንም ለበለጠ ትዕግሥተኛ ሹፌር ይስጡልን፤ ሚስማሩ ለካፖርት ይበቃናል።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጉሮሮዎ ዕረፍት፣ ለኮሚቴዎም ከጥናት በፊት ቆርቆሮውን አገላብጦ የማየት ብርታት እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ደግሞ በሰሌዳው ፊት ሲያልፉ ይህን ወረቀት አይተው እንዳላዩ ለመሆን ስለሚደክሙት ድካም ሁሉ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
እንዳለች ዱጉማ
የፊደል አስተማሪና የላዳ አስታማሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሙጫውን ሳዘጋጅ ከእርስዎ ዘንድ መልእክተኛ መጣ። ልጅዎ ወርቄ በጥር ልትዳር ነው አሉ፤ እሰይ፣ እልል! ላንድሮቨሩ ለሙሽራ ቬሎ ስለማይመች፣ ከማኅበሩ መኪኖች ሁሉ አዲሷ የእኛ ላዳ ናትና ሙሽራዋን እንድታደርስልዎ መጠየቅዎን ሰማሁ። ኃይለሚካኤል ገና መልእክቱ ሳያልቅ እሺ ብሏል። እኔም በደስታ እሺ ብያለሁ፤ ነገር ግን ዘይቷ የተቀየረው ባለፈው ሰኔ ነውና በማስታወቂያዎ መሠረት ሃያ ወር ስናሰላ ላዳዋ ዘይት የምታገኘው በየካቲት 1980 ነው፤ ያኔ ደግሞ ጾም ይገባልና ሠርጉን ከፋሲካ ወዲያ ቢያደርጉት፣ ሙሽራውም አንድ ዓመት ከምናምን ቢታገሥ፣ ያለ እንከን እናደርሳታለን። አይ፣ ሙሽራው አይታገሥም፣ በጥር መሆን አለበት ካሉም መኪናዋ የእርስዎ ናት፤ ብቻ ሚዜዎቹን ሲመርጡ ጉልበታቸውን አይተው ይምረጡ፣ ነጭ ሸሚዝም እንዳይለብሱ ይንገሩልኝ፤ ላዳዋ ሰሞኑን ከኋላ የምትተፋው ጭስ በሳሙና አይለቅም።