ወንድሜን በር ላይ ላስቆሙልን ለክቡር ፕሬዚዳንት

ለተከበሩ የእግር ኳስ ክለባችን ፕሬዚዳንት፣

ይህ ጽሑፍ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በክብር ትሪቡኑ ላይ ያለው ባለ ስፖንጅ ወንበርዎም በፍጹም ጤንነት ላይ ሆናችሁ እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። የእኛን የደጋፊዎችዎን ጤንነት ለማወቅ ከፈለጉ እንደ ቡድናችን ነን፤ አንድ ሳምንት ደህና ነን፣ በሚቀጥለው ሳምንት አልጋ ላይ ነን።

ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ ለጸሐፊዎ የሰጠኋቸው ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም። በእርስዎ ደረጃ ለሚገኝ ሰው ፖስታ መቅደድ አድካሚ መሆኑን ዘግይቼ ስለተረዳሁ፣ ይኸኛውን ያለ ፖስታ፣ ማንም መንገደኛ እንዲያነበው አድርጌ አቅርቤዋለሁ። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ። ሁለቱ ቢደባለቁብኝ የቡድኑ ጠባይ ተጋብቶብኝ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

1. ስለ ቡድናችን አቋም።

በታችኛው ሊግ የሚጫወት ቡድን ደጋፊ ብዙ እንደማይጠይቅ ያውቃሉ። ዋንጫ አልጠየቅንም። ሽንፈትንም ቢሆን እንችለዋለን፤ በየሳምንቱ የሚሸነፍ ቡድን ቢኖረን ኖሮ ቁርጣችንን አውቀን እሑድ እሑድ ቤታችንን እናጸዳ ነበር። የሊጉን መሪ በገዛ ሜዳው ሦስት ለባዶ አሸንፎ፣ በሳምንቱ ደግሞ አውቶቡሳቸው መንገድ ላይ ተበላሽቶ አሥር ሆነው በደረሱ፣ በረኛቸው በተውሶ ጫማ በገባ፣ የደረጃው ግርጌ ላይ በተቀመጡ ልጆች የሚሸነፍ ቡድን ግን ለሰው ጤና አይሆንም። ተስፋ ለመቁረጥ ስንነሣ ያሸንፋል። ተስፋ ልናደርግ ስንቀመጥ ይሸነፋል። ሚስቴ እሑድ ማታ በሩን ስከፍት ፊቴን አይታ ውጤቱን ታውቅ ነበር፤ አሁን ግን ባሸነፍንም ቀን ፊቴ ያው ስለሆነ መጠየቅ ጀምራለች። ስለዚህ የቤተሰብ ንግግር እንዲዳብር ስላደረጉልን በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

2. ስለ ክርክሩ።

ከሜዳው በር ፊት ለፊት ባለው ፀጉር ቤት ሰኞ ሰኞ እንሰበሰባለን። ጡረታ የወጣው የሂሳብ መምህር አማካዮቹ ከዕረፍት በኋላ ትንፋሽ ያጥራቸዋል ይላል። ፀጉር አስተካካዩ በበኩሉ አጥቂው ዘጠኝ ቁጥር ፍቅር ስለያዘው ነው ባይ ነው። እሱ ሲከራከር መቀሱን በደንበኛው ጆሮ አጠገብ አቁሞ ስለሆነ፣ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ሰው ተቃራኒ ሐሳብ ይዞ ከዚያ ወንበር ሲነሣ አይቼ አላውቅም። ሁላችንም የምንስማማበት አንድ ነገር ግን ነበር። ልጆቹ አብረው የሚለማመዱት በጨዋታው ዋዜማ ብቻ ነው፤ የመለማመጃ ሜዳውን እርስዎ ለጭነት መኪናዎች ማቆሚያ ፈቅደውታልና። በተቀሩት ቀናት በመኪናዎቹ መካከል ይሮጣሉ። ተከላካዮቻችን ኳስ ሲመጣ ዞር ብለው የሚያሳልፉትም መኪና እየመሰላቸው ይሆናል።

ይህንን ጉዳይ በፊርማ አስደግፈን ልናቀርብልዎ ስንሰናዳ ነው ቀልዱ የመጣው።

ታላቅ ወንድሜን ያውቁታል። ልብስ ሰፊ ነው። እኛ ቤት ወንድምጋሼ እንለዋለን፤ ሰፈሩም ከእኛ ሰምቶ እንደዚያው ይለዋል። በተጫዋቾችዎ ጀርባ ላይ ያሉትን ቁጥሮች የሚሰፋው፣ የሚላቀቁትንም መልሶ የሚሰፋው እሱ ነው። ሱቁ ከሜዳው ግንብ ጀርባ ስለሆነ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ግንቡ ያስተጋባል። በአንዱ ጨዋታ የዘጠኝ ቁጥሩ ማሊያ ተቀዶ፣ ወንድሜ ሊሰፋው ወደ ሱቁ ሮጠ። እሱ በሌለበት ሁለት ግብ አገባን። ማሊያውን ይዞ ተመልሶ ከማእዘኑ ባንዲራ ጀርባ፣ ከእኔ ጎን፣ ገና ሳይቀመጥ ሦስት ገባብን።

ሰኞ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ወንድምጋሼ፣ ስፌቱን ትንሽ ብታረዝመው ኖሮ ዛሬ በነፃ ነበር የምላጭህ» አለው። ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ወንድሜ ነበር።

ያንን ሳቅ ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ።

3. ስለ ኮሚቴው።

የውጤት መዋዠቅ አጣሪ ኮሚቴ በማቋቋምዎ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ኮሚቴው የመለማመጃ ሜዳውን ይጎበኛል ብለን ጠበቅን። በምትኩ ፀጉር ቤት መጣ። ተላጨ፣ አዳመጠ፣ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ በሜዳው በር ላይ ክብ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «መገኘታቸው ለቡድኑ ውጤት እንቅፋት መሆኑ በደጋፊው የተረጋገጠ ግለሰቦች፣ ለጊዜው ልብስ ሰፊው፣ በጨዋታ ቀን ወደ ሜዳ እንዳይገቡ ተወስኗል» ይላል። በዚህ ውስጥ በተለይ የማደንቀው «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ነው። ልብስ ሰፊው ለጊዜው ነው። ከዚያ በኋላ ማን እንደሆነ ለማወቅ ሁላችንም ማስታወቂያው አጠገብ ስናልፍ ፍጥነታችንን እንቀንሳለን።

በጨዋታው ቀን ሁሉም እንዲሰማ በድምፅ ማጉያም አስነበቡት። ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን የቀጠለ አልነበረም። የበሩ ጠባቂ ወንድሜን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ትእዛዝ ነው ወንድምጋሼ፣ እኔን አትቀየመኝ አለው። ወንድሜ ደግሞ ጠባቂውን ሲያጽናና ደረስኩ። ምንም አይደል፣ ለቡድኑ ከሆነ ምንም አይደል ይለዋል። እኔ አብሬው መመለስ ነበረብኝ ወይስ መግባት፣ እስካሁን አልቆረጥኩም። ግባ፣ አንተ ግባና ትነግረኛለህ ስላለኝ ገባሁ።

4. ስለ ተገኘው ውጤት።

ወንድሜ ከተከለከለ ወዲህ አንዴ አሸነፍን፣ ተሸነፍን፣ አቻ ወጣን፣ ደግመን ተሸነፍን። ማለትም እንደ ድሮው። አሁን ነጻ ወጥተሃል ብዬ እየሮጥኩ ነገርኩት።

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እዚህ ላይ ቁጥሩ ይበቃኛል። ቀጥሎ የምነግርዎ በተራ ቁጥር የሚቀመጥ አይደለም።

ወንድሜ ሲመልስልኝ፣ ከግንቡ ጀርባ ሆኜ ስለምሰማችሁ ይሆናል አለ። ከዚያ በኋላ በጨዋታ ቀን ጩኸታችሁን እንዳልሰማ ብሎ መኪናውን ያለ ክር ይረግጣል። ገብቼ አይቼዋለሁ። ጨርቅ የለም፣ ክር የለም፣ መርፌው ባዶውን ይወርዳል፣ ይወጣል። ጩኸቱ ሲያይል እግሩ ለቅጽበት ይቆምና እንደ ሰረቀ ሰው ደንግጦ ይቀጥላል።

ይህንንም ለቡድን ፍቅር ነው ብዬ እተወው ነበር። ባለፈው ወር ግን ሴት ልጁ ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ናት። ቤታቸው ከሱቁ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠይቅ እሱ አልሄደም። ለምን ብዬ ብጠይቀው ዐይኑን ከመርፌው ሳያነሣ፣ ትንሽ ጠንከር ትበል፣ የእኔ እግር አይቀናም አለኝ። በቀልድ የተናገረ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። መዳፍ የምታህል ማሊያ ሰፍቶላት በእኔ እጅ ላከ፤ ማሊያው ሳይታጠብ እንዳትለብሰውም አስጠነቀቀኝ። እናቲቱ አጥባ አለበሰቻት። እጥበቱ ለምን እንዳስፈለገ አልነገርኳትም። አባቴ ተቀይሞኛል እንዴ እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት።

ነግሬዋለሁ። ሚስቱ ነግራዋለች። ፀጉር አስተካካዩም ሱቁ ድረስ መጥቶ፣ ቀልዴን ነበር እኮ ወንድምዬ፣ አፌን በቆረጠው ብሎታል። ወንድሜ ግን፣ አንተ ብትቀልድ ያ ሁሉ የተማረ ሰው ተሰብስቦ በቀልድ አይፈርምም፣ ማኅተም አይመታም ይላል። የሚያሳዝነው በእናንተ ላይ ያለው እምነት ነው። በዚህች ከተማ ማኅተማችሁን ከልቡ የሚያከብር ሰው ቢፈለግ እሱ ብቻ ነው የሚገኘው፤ እናንተም እሱን አገኛችሁት።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ወንድሜን ወደ ሜዳ ይመልሱልኝ አልልም። መኪናዎቹን ከመለማመጃ ሜዳው ያንሡ ማለትን እንኳ ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ። የምለምንዎት በዚያው ወረቀት ላይ፣ በዚያው ክብ ማኅተም የተመታች አንዲት መስመር ናት፤ ልብስ ሰፊው ለደረሰው ነገር ሁሉ ጥፋት የለበትም የምትል። በድምፅ ማጉያ ባይነበብም ይሁን። እኔ ሱቁ ወስጄ ከስፌት መኪናው ላይ አስቀምጥለታለሁ። መነጽሩን አድርጎ ማኅተሙን ያያል። ከዚያ ሁለቱን መንገድ አብረን እንሻገራለን። ማሊያው ለልጅቷ ሳይጠብባት።

ይህንን ዐረፍተ ነገር ሰርዤ መልሼ ጻፍኩት። ለክቡርነትዎ የማይመጥን መስሎኝ ነበር።

በየሳምንቱ በተለያየ ስሜት፣ ሁልጊዜ ግን በማይዋዥቅ አክብሮት፣ ከማእዘኑ ባንዲራ ጀርባ፣ ጎኑ ባዶ ከሆነው ቦታ ሆኜ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎት፣

የልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፀጉር ቤቱ ክርክሩን ቀጥሏል። ጡረተኛው መምህር በዚህ ዓመት ያሸነፍንባቸውን ጨዋታዎች አንድ በአንድ አስታውሶ፣ በሁሉም ባለ ስፖንጁ ወንበርዎ ባዶ እንደነበር ደርሶበታል። መሪውን ቡድን ያሸነፍን ቀን ሠርግ ላይ ነበሩ፤ ወንድሜ ከተከለከለ ወዲህ ባሸነፍንበት ቀን ደግሞ ጉንፋን ይዞዎት ነበር። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ክልከላውም ከወንድሜ በቀር በማንም ላይ እንደማይደርስ እርግጠኛ ነኝ። የበሩ ጠባቂ ግን ማስታወቂያውን ደጋግሞ አንብቦ «ለጊዜው» የሚለው ቃል አሳስቦታል፤ መጪው እሑድ እርስዎ ሲመጡ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠይቆኛል። ምን ልመልስለት? እስከዚያው ድረስ እጁን ደረቱ ላይ ማድረግ እየተለማመደ ነው።