ነገን በሹሙ ግድግዳ ላይ የሳሉት የወይዘሮ ሳልጌ ሄምብሮም የሕይወት ታሪክ

«ሳልጌ ግድግዳ ላይ የሳሉት ነገር ሳይውል ሳያድር ይሆናል» የሚለው ወሬ ከመንደራችን አልፎ ገበያ ደርሷል። አንዲት ጎረቤታችንማ ዛሬ ጠዋት እንኳ ለለቀስተኛው ሁሉ ስትደግመው ነበር። «ሳይውል ሳያድር» የሚለው ውሸት ነው፤ እኔ የልጅ ልጃቸው ምስክር ነኝ። የሳሉት የሆነው፣ እስኪሆን ድረስ ሰው አላስቀምጥ ስለሚሉ ነው።

ወይዘሮ ሳልጌ ከአባታቸው ከአቶ ላክሃን ሄምብሮምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማይኖ ሙርሙ፣ በዛሬዋ ሰሜን ባንግላዴሽ በጮራዳንጋ የሳንታል ሕዝብ መንደር እ.ኤ.አ. በ1948 ተወለዱ። ወላጆቻቸው የሩዝ አጨዳ ወቅት መሆኑን እንጂ ቀኑን አልያዙትም። እስከ ሦስተኛ ክፍል ተምረዋል። ግድግዳ መምረግንና በቀይ አፈር፣ በነጭ አፈርና በጭድ ጥላሸት መሳልን ግን ከእናታቸው ጨርሰው ተምረዋል።

በ1966 ከአቶ ባርካ ሶሬን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። በ1971ዱ የነጻነት ጦርነት ድንበር ተሻግረው ወደ ሕንድ ተሰደዱ። ሲመለሱ የሣር ጣሪያው ነድዶ፣ የጭቃው ግድግዳ ቆሞ ጠበቃቸው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በመከር በዓላችን በሶህራይ ሴቶች ቤታቸውን መርገውና ስለው ሲያድሱ፣ እርሳቸው ገና ያልተፈጠረውን ይስሉ ጀመር፤ በራቁት ሜዳ ላይ የማንጎ ጥላ፣ ብስክሌት የምትነዳ ልጃገረድ። ባለቤታቸው «አንቺ፣ ላማችንን እንኳ ሳትስዪ!» ሲሏቸው፣ «ላማችንንማ ወጣ ብለህ እያት» ይሉ ነበር። ማንጎውን ራሳቸው ተከሉት። ብስክሌቱንም ባለቤታቸውን ነዝንዘው ለልጃቸው አስገዙ።

በ1994 አንድ የጡብ ነጋዴ መጥቶ የመንደሩን የጋራ መሬት አፈር ልግዛ አለ። አፈሩ ከተዛቀ ሩዝ የለም፤ የጡብ ማቃጠያው ጭስ ከመጣ ማንጎ የለም። ወጣቶቹ ግን «እስከ መቼ በጭቃ!» እያሉ ነጋዴውን ደገፉ። ውሳኔው የመንደሩ ሹም የአቶ ቡድራይ ኪስኩ ነበር።

ወይዘሮ ሳልጌ አልተከራከሩም። በእኛ ዘንድ የሶህራይን ሥዕል እስከሚቀጥለው ሶህራይ መደምሰስ ነውር ነው። በበዓሉ ዋዜማ የሹሙን ቤት የውጭ ግድግዳ መረጉና፣ በዚያው የጋራ መሬት ላይ የቆመ ባለ ፎቅ የጭቃ ትምህርት ቤት ሳሉበት። ሰፋፊ መስኮቶች፣ ዝናብ የሚከላከል ረጅም የጣሪያ ክንፍ፣ ደረጃው ላይ ደግሞ ልጆች የከበቧቸው ሹሙ ራሳቸው። «አይቆጡ፣ አፍንጫዎን አሳንሼዋለሁ» አሏቸው። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ «ሹም፣ ትምህርት ቤቱ መቼ ነው የሚከፈተው?» ይላቸው ጀመር። ሦስት ወር ሳይሞላ ሹሙ መሬቱን ለትምህርት ቤቱ ሰጡ።

ግድግዳው ንብርብር በንብርብር እየደረቀ በሁለት በጋ ተሠራ። «በመጀመሪያው ክረምት ይቀልጣል» ያሉት ሁሉ ቀልጠው ቀሩ። ክረምቱን ሙሉ ዘነበበት፤ ውስጡ ደረቅ ነበር። ዛሬም በየሶህራዩ እያንዳንዱ ቤተሰብ የድርሻውን ግድግዳ መርጎ ይስላል፤ ጥገናው በዓል ስለሆነ ሕንፃው አያረጅም። አጎራባች መንደሮችም አይተው ሠርተዋል። ከዚህች መንደር አንድ አካፋ አፈር ለጡብ አልወጣም።

ወይዘሮ ሳልጌ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በየካቲት ወር 2019፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። አራት ልጆችና አሥራ አንድ የልጅ ልጆች አይተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ በሚያኖራቸው ቤትም ግድግዳው ባዶ ይሁንላቸው።

ትናንት ለቅሶው ላይ፣ አሁን ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አቶ ቡድራይ እንዲህ አሉን፦ «ያንን የጡብ ነጋዴ እኮ ሥዕሉ ከመሳሉ በፊት፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ አፈሩን አልሸጥም ብዬ አሰናብቼው ነበር።»