ጥላ ያለበት ወንበር

ኮኪት፣ ጥቅምት 1976

አይናዲስ፣

እናንተ ጎንደር ላይ አሁን ጋቢ ደርባችሁ ነው የምትወጡት፤ እኛ እዚህ ለትራክተሩ ተሳቢ ጥላ እንጋፋለን። ሰሊጡ ፍሬው ሳይረግፍ መታጨድ ስላለበት ፋታ የሚሰጠን የለም፤ ወገቤ ቀና አልልም ብሏል።

ዛሬ ምሳ ላይ ይችን የጣና ሥዕል ያለባትን ካርድ ሳወጣ፣ አብረውኝ የሚያጭዱት ተቀባበሏት፤ ጠርዟ ላይ የምታይው ጥቁር የጣት አሻራ የነሱ ነው። ለፋሲካ ያሰብነውን ጉዞ አወራሁላቸው፤ ከጎርጎራ በመርከብ ተነስተን፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ወርደን የጥንቶቹን ነገሥታት አስከሬን አይተን፣ በዘጌ አድርገን ባሕር ዳር እንደምንገባ። የደቅ ደሴቱ ሰው አያ ዋሴ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «አንተ፣ ዳጋ እኮ ሴት አያስገቡም። ልጅቱን መርከብ ላይ ጥለሃት ልትወርድ ነው?» አሉኝ። ሁሉም ሳቁብኝ። ክረምቱን ሙሉ ስናቅድ ይሄ እንዴት ተረሳን?

መጀመሪያ ተናደድሁ። ኋላ ግን የደሴቱን ዳገት አሰብሁት፤ እውነቴን ነው፣ እሱን የምወጣበት ጉልበት እዚህ ሰሊጥ ውስጥ ቀርቷል። ሌሎቹ ወርደው ይሳለሙ፤ እኔ አንቺ ጋር ቁጭ ብዬ ውሃውን ሳይ ልዋል።

ለእናትሽ ለእትዬ የሻረግ፣ ለወንድምሽ ለፈረደም ሰላምታዬ ይድረስ፤ ደምለውን ይዞት የነበረው ወባ ለቆታል በያቸው። ካርዷ ሞላችብኝ። ስንሳፈር ጥላ ያለበትን ወንበር ቀድመሽ ያዢ።

ደምለው