የሞተ ብረት ሲፈርም

ትርፌዬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ እዚህ ደሴ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ያየሁት ባለ ሁለት ጣት ብረት የሥጋ ማገላበጫ መስሎኝ «ጥብሱስ?» ብዬ ተዋረድኩ። ለካ የድምፅ ንዝረት የሚለካበት የጥንት ሹካ ነው! የንብረት ክፍሉ ጋሽ ይስማው «የማስወገጃ ቅጹን ፈርሚ እንጂ ልጄ፣ ይኼ የሞተ ብረት ይወገድ» ሲሏት፣ የፊዚክስ መምህርቷ ኑኃሚን ሹካውን መታችና ጫፉን በኩራዝ ጥላሸት ባጠቆረችው መስታወት ላይ ጎተተችው። ንዝረቱ ሞገድ ሆኖ ተጻፈ።

«ፊርማ ፈለጉ ጋሼ? ይኸው፣ ራሱ ፈረመ! የሞተ ይፈርማል እንዴ?»

የእኛ ሰፈር ቢሆን ቁራሌው ትናንት ወስዶት ነበር። ማክሰኞ አስወጋጅ ኮሚቴው ይመጣል፤ ኑኃሚን ሹካውና ጓደኞቹ ያሉበት ሣጥን ላይ ልትቀመጥ ነው፤ እኔም የመመለሻ አውሮፕላን ቲኬቴን አስቀይሬ አጠገቧ ነኝ። እማማን ሳሚልኝ። ሊያስነሳን የደፈረው ማን እንደሆነ ስመለስ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እጽፍልሻለሁ።